ኤም5 እና የ130 ጥያቄ፦ አውቶባን ላይ ገደብ ይጣል ወይስ ይቅር?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ክርክር ከአንድ መኪና ተነሳ። መኪና በማድረስ ሥራ የሚተዳደር ወንድማችን ቢኤምደብሊው ኤም5 የሚባል አንድ ፈጣን መኪና ከሙኒክ እስከ ፍራንክፈርት ነድቶ መጣና ስለ አነዳዱ ጻፈልን። ግማሾቻችሁ «ቁልፉን ወዲህ በል» አላችሁት። ግማሾቻችሁ «አብደሃል እንዴ?» አላችሁት። ስለዚህ ጥያቄውን በግልጽ እናንሳው። ጀርመን አውቶባን በሚባለው ፈጣን መንገዷ ላይ ለሁሉም የሚሠራ በሰዓት የ130 ኪሎ ሜትር ገደብ ይጣል ወይስ እንዳለ ይቀጥል?

እዚህ አገር ለማይኖር ሰው በአጭሩ፦ ከ1978 ጀምሮ (ዓ.ም. ካላልን ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አውቶባን ላይ 130 ይመከራል። ይመከራል እንጂ አይታዘዝም። ከጠቅላላው አውቶባን 70 በመቶ ገደማው ገደብ የለበትም። ስድብ የለም፣ ፖለቲካችንንም እቤታችን እንተወው። መጀመሪያ የባለጉዳዩን ጽሑፍ ላስቀምጥ።

መኪና አድራሹ፦
ሥራዬ የሰው መኪና መንዳት ነው። አንዱ ሌላ ከተማ ይገዛል፣ እኔ አመጣለታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እጄ የሚገባው ናፍጣ ጎልፍ ወይም ብዙ ዓለም ያየ ፓሳት ነው። በቅርቡ አንድ ማክሰኞ ግን ሙኒክ ላይ የኤም5 ኮምፒቲሽን ቁልፍ ተሰጠኝ። የ2019 ሥሪት፣ ጥቁር። ገዢው ወዳጄ ነው፤ አብሮኝ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጧል። «እኔ ገና እፈራዋለሁ፣ አንተ አሙቅልኝ» አለኝ። እንዲህ ያለ ልመና እምቢ አይባልም።

ከኮፈኑ ሥር ሁለት ቱርቦ ያለው 4.4 ሊትር ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር አለ። 625 የፈረስ ጉልበት። ከዜሮ 100 በ3.3 ሰከንድ ይገባል። ይሄን መኪና የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ከተማ ውስጥ ታክሲ ነው። ማርሽ ሲቀይር አይሰማህም። ቀይ መብራት ላይ አጠገብህ የቆሙ እናት ዞር ብለው እንኳ አያዩህም። ጎማው ሰፊ ስለሆነ የትራም ሐዲድ ላይ መሪውን ትንሽ ይጎትታል፣ ሌላ ነውር የለበትም።

ኤ9 የሚባለው አውቶባን ላይ ወጣን። የሆለዳውን መጋጠሚያ አለፍን። ያ አካባቢ ለቢራ የሚሆነው የጀርመኖች ጌሾ በረጃጅም ሽቦ ላይ የሚሳብበት አገር ነው፣ በበጋ ቢታይ አይጠገብም። ከዚያ ምልክቱ መጣ። ነጭ ክብ፣ በላዩ ሰያፍ ጥቁር መስመሮች። ገደቡ አለቀ ማለት ነው። ወዳጄን አየሁት። ወዳጄ ቀበቶውን አየ።

ረገጥኩት።

ጉልበቱ ከኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የኋላ ጎማዎች ይገፋሉ፤ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን የፊቶቹ ያግዟቸዋል። መሐል ላይ ይሄን የሚያካፍል ብዙ ሳህን ያለው ፍሬሲዮን አለ፤ ነጂው ግን ምንም አያውቅም። ከዚህ በፊት የነበረውን ኤም5 ነድቼዋለሁ፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄደውን፣ ባለ 560 ፈረሱን። እሱ እርጥብ መንገድ ላይ በሦስተኛ ማርሽ እንኳ ቂጡን ይነቀንቅ ነበር። ይሄኛው ያለውን ጉልበት ሁሉ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ያደርገዋል። በ2017 ሲወጣ «ኤም5 እንዴት በአራት ጎማ ይነዳል?» ብለው ያለቀሱ ነበሩ። ለነሱ ተብሎ የፊቱን አጥፍቶ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳበት ምርጫ ተትቷል። እኔ አልነካሁትም። የሰው መኪና ነው።

ከኢንጎልሽታት በኋላ ኪንዲንግ አጠገብ መንገዱ ወደ አልትሙል ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። 1.9 ቶን ገደማ መመዘኑን ያስታወሰኝ እዚያ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ከፊትህ ይሰበሰባል፣ ከዚያ መኪናው ቁጭ ይልና ይታጠፋል። መሪው ትክክለኛ ነው፣ ግን ቀለል ያለ ነው። ጎማው ምን ላይ እንዳለ ብዙም አይነግርህም። ለኔ ትልቁ ጉድለቱ ይሄ ነው። ዝምተኛ መኪና ነው።

በ200 ወሬ ይዘን ነበር። ስለ ልጁ ትምህርት ቤት። በ200! ሰዓቱን ባላይ 120 ነው ብዬ እምል ነበር። ግሬዲንግን አለፍ እንዳልን፣ 240 ላይ፣ አንድ ነጭ ቫን ፍሬቻ ሳያበራ ወደ ግራ ወጣ። ፍሬኑን ረገጥኩ። ቀበቶው ደረቴን ያዘው፣ ወዳጄ «ማርያም!» አለ፣ መኪናው ሐዲድ እንደያዘ ባቡር ቀጥ ብሎ ቀነሰ። ቫኑን በ110 ተከተልነው። ከዚያ በኋላ ስለ ትምህርት ቤት አላወራንም።

ፍራንክፈርት ስንገባ አማካይ ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር 17 ሊትር ይል ነበር። ከወትሮዬ 25 ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። የሆነ ሆኖ ገደቡን አልደግፍም። ይሄን ያህል የሚችል መኪና 130 ላይ ማሰር የሩጫ ፈረስን ጋሪ ላይ መጥመድ ነው።

ነርሷ፦
ጽሑፍህ ይጣፍጣል። «ማርያም!» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ስልኬን አስቀመጥኩት።

እኔ ቩርዝቡርግ አካባቢ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። አንተ ያለፍክበት ኤ3 ለኔ የስልክ ጥሪ ነው። «ሄሊኮፕተሩ 12 ደቂቃ ቀርቶታል» የሚል ጥሪ። ቫኑ ውስጥ ያለው ሰው እኮ ስላንተ 625 ፈረስ ምንም አያውቅም። ስፖኪዮውን አይቶም ሊሆን ይችላል። አንተ ገና ሩቅ ነበርክ። ሰው በስፖኪዮ ርቀት ይገምታል፤ የሚመጣው መኪና 140 ይሁን 240 ግን መለየት አይችልም።

ብራንደንቡርግ ውስጥ ኤ24 ላይ 62 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በ2002 መጨረሻ 130 ተደረገ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሦስት ዓመታትና በኋላ የመጡት ሦስት ዓመታት ሲነጻጸሩ የአደጋው ቁጥር ወደ ግማሽ ወርዷል። ሌላ ምን ማስረጃ ይምጣ? ይጣል ባይ ነኝ።

ታክሲ ነጂው፦
እህቴ፣ ሥራሽን አከብራለሁ። ግን ቁጥሩን ሙሉውን እንየው። ጀርመን ውስጥ በዓመት 2,800 ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከዚያ ውስጥ አውቶባን ላይ የሚሞተው 300 አካባቢ ነው። መኪኖች ከሚጓዙት ኪሎ ሜትር አንድ ሦስተኛ ገደማው ደግሞ አውቶባን ላይ ነው። ሒሳቡን አንቺው ሥሪው። ከግማሽ በላይ ሰው የሚሞተው ከከተማ ውጪ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ነው፣ እዚያ ደግሞ የ100 ገደብ አለ! ዛፍ አለ፣ ፊት ለፊት የሚመጣ አለ፣ ትራክተር አለ። ሰው ለማዳን ከሆነ እዚያ ጀምሩ።

ኤ24 ያልሽውም በነዚያ ዓመታት በአገሩ ሁሉ አደጋ እየቀነሰ ነበር።

ነርሷ፦
እየቀነሰ ነበር፣ በሦስት ዓመት በግማሽ ግን አልቀነሰም። ደግሞ «ሌላ ቦታ ብዙ ሰው ይሞታል» ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ጋ አልጋ ላይ ለተኛው ሰው ይሄን ንገረው።

ባለ ስሌቱ፦
እኔ ሜካኒካል ምህንድስና እየተማርኩ ነው፣ ዳርምሽታት። በወንድማችን ጽሑፍ ሥር አስተያየት የሰጣችሁ ብዙዎቻችሁ «አራቱም ጎማ ስለሚነዳ አይፈራም» ስትሉ አየሁ። ይሄ መታረም አለበት።

አራት ጎማ መንዳት ለመሄድ ነው። ለመቆም ሁሉም መኪና በአራት ጎማ ነው የሚቆመው። ኤም5ም፣ የኔ ያረጀ ፖሎም። እርጥብ መንገድ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። አራት ጎማ የሚነዳ መኪና ስትረግጠው ስለማይንሸራተት መንገዱ ደረቅ ይመስልሃል። ፍሬን ስትይዝ ነው እውነቱን የሚነግርህ። ጎማው በሰፋ መጠን ውኃ ላይ የመንሳፈፍ ዕድሉ ይጨምራል፤ ኤም5 ከኋላ 285 ነው የሚያደርገው።

አሁን ቫኑን እንየው። 240 ማለት በሰከንድ 67 ሜትር ነው። እግርህ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ብትፈጅ 67 ሜትር ሄደሃል፣ ገና ምንም ሳታደርግ። መንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ቀመር አለ፣ ሁላችንም ሸምድደነዋል። ፍጥነቱን ለ10 አካፍለህ በራሱ ታባዛለህ፣ ፍሬን ከያዝክ በኋላ እስክትቆም የምትሄደው ርቀት በሜትር ይወጣል። አጥብቀህ ከያዝክ ግማሹ። በ130 አጥብቀህ ብትይዝ 85 ሜትር አካባቢ ነው። በ240 ግን 288 ሜትር። የኤም5 ፍሬን ከዚህ ይሻላል፣ እሺ። የ130ውም አብሮ ይሻላል እኮ። ንጽጽሩ አይቀየርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሳይሞላ ማቆሚያው ከሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ቫኑ በ110 ነበር ካልክ የፍጥነታችሁ ልዩነት 130 ነው። የቆመ መኪና ላይ በ130 እየሄድክ ነበር ማለት ነው። ይሄን አስበው።

መኪና አድራሹ፦
ሒሳቡን አልክድም። እኔም እኮ ሰው ሲበዛ እለቃለሁ። በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ ነበር፣ ከቫኑ በቀር። ግን ጥፋቱ የማን ነው? ፍሬቻ ሳያበራ የወጣው እሱ ነው። ሕጉ «ወደ ግራ ስትወጣ ከኋላ ያለውን እይ» ይላል። ለምን የኔን እግር ያስራሉ፣ የሱን ዓይን ሳይከፍቱ?

ባለ ስሌቱ፦
ጥፋቱ የሱ ነው። ሕጉ ግን እሱ ላይ ብቻ አይቆምም። በ1992 የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወስኖታል። ከሚመከረው 130 በላይ የሚሄድ ሰው አደጋ ሲደርስ፣ ጥፋቱ የሌላው ቢሆንም፣ ከካሣው ድርሻ ሊጫንበት ይችላል። ማምለጥ የሚቻለው በ130 ብሄድም አደጋው አይቀርም ነበር ብለህ ካሳየህ ነው። «ነጻ ነኝ» ብለህ ስትረግጠው ነጻነቱ ሙሉ አይደለም ለማለት ነው። ወዳጅህ የኢንሹራንስ ወረቀቱን ያንብብ።

ታክሲ ነጂው፦
ይሄኛውን አላውቅም ነበር። 14 ዓመት ነድቼ!

የኢንጎልሽታት ልጅ፦
ሰዎች፣ ስለ አራት ጎማ እየተወራ የአውዲን ከተማ ኢንጎልሽታትን «አለፍን» ብሎ መሄድ ነውር ነው። በ1980 ጄኔቫ ላይ በአራት ጎማ የሚነዳው አውዲ ኳትሮ ሲቀርብ ቢኤምደብሊው የት ነበር? በ37 ዓመት ዘግይተው ኤም5 ላይ አደረጉት፣ አሁን ደግሞ ግኝት አስመሰሉት።

ቀልዱን ትተን፦ እኔ በመኪና ሥራ ውስጥ ነኝ፣ የትኛው ክፍል እንደሆነ አልናገርም። እዚህ አገር ገደብ ስለሌለ ነው ፍሬኑም፣ ጎማውም፣ በነፋስ የመረጋጋቱ ነገርም በ250 የሚፈተነው። መኪና በ250 የሚፈተን ከሆነ በ120 ስትነዳው ትርፍ አቅም አለው። ጃፓን ያለው ሰው፣ አሜሪካ ያለው ሰው በዚህ ይጠቀማል። ገደቡ ቢመጣ ነገ ኢንጂነሮቹ «ለምን እንደክማለን?» ይላሉ።

ነርሷ፦
ቮልቮ ከ2020 ጀምሮ መኪኖቹን በሙሉ 180 ላይ አቁሟቸዋል። ቮልቮ ፍሬን መሥራት ረሳ እንዴ? እናንተ ራሳችሁ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሦስቱ ፋብሪካዎች፣ ቢኤምደብሊው፣ መርሴዲስና አውዲ፣ ተስማምታችሁ 250 ላይ ትቆልፋላችሁ። ስለዚህ ገደብ አታውቁም አትበሉን። ገደቡን ለማንሳት ገንዘብ ታስከፍላላችሁ እንጂ።

የኢንጎልሽታት ልጅ፦
እሺ እዚህ ላይ ያዝሽኝ። ኤም5 ላይ ከፍለህ ነው 305 የሚደረገው። ሳቅሁ።

ከባድ መኪና ጋሼ፦
ልጆቼ፣ ከመኪናዬ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ አትደንግጡ፣ ቆሜ ነው። ካስል አጠገብ ማረፊያ ላይ ነኝ። የ45 ደቂቃ የግዴታ ዕረፍቴን እየቆጠርኩ።

እኔ 40 ቶን ይዤ ነው የምሄደው። ሕጉ 80 ነው የሚፈቅድልኝ፣ መቆለፊያው 90 ገደማ ላይ ነው። ከፊቴ ያለው በ85 ይሄዳል፣ እኔ በ88። ልለፈው ብል መንገዱ አያልቅም፣ ሰዉ ከኋላ ይሳደባል። ጀርመኖች «የዝሆን እሽቅድምድም» ይሉታል። እውነታቸውን ነው፣ እኔም ስቄያለሁ።

አሁን የኔን ስፖኪዮ አስቡት። ልወጣ ፍሬቻ አበራለሁ። ኋላ አያለሁ፣ ምንም የለም። እንደገና አያለሁ፣ አንድ ነጥብ መብራት አለች። በ130 የሚመጣ ከሆነ ጊዜ አለኝ። በ240 ከሆነ የለኝም። ነጥቧ ግን አንድ ናት። ማታ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሁለት መብራት ብቻ ነው የምታየው። 22 ዓመት ነድቼ እስከ ዛሬ አልለየኋትም። ልጄ፣ መኪና አድራሹ፣ ቫኑን «ዓይኑን ያልከፈተ» አልከው። ምናልባት ከፍቷል።

ስለዚህ የኔ ነገር እንዲህ ነው። 130 ብላችሁ አትጣሉ፣ እኔ 150ም ይበቃኛል። የሚያስቸግረኝ ፍጥነታችሁ አይደለም፣ የማይገመት መሆኑ ነው። ሁሉም ከ100 እስከ 150 ባለው ውስጥ ቢሄድ እኔ መገመት እችላለሁ። ሦስት መስመር ባለበት፣ ሌሊት፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን ደግሞ ይልቀቁት፣ ምን አገባኝ። ምልክቶቹ አሁን ኤሌክትሪክ ናቸው እኮ፣ ቁጥሩን እንደ ሰዓቱ መቀየር ይቻላል። ብዙ ቦታ ያደርጉታል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ጀማሪዎቹን ፈርቼ አላውቅም። ጥሩ ነጂ ነኝ የሚለውን ነው የምፈራው።

ባለ ስሌቱ፦
ጋሼ፣ 150 የሚል ሐሳብ ከፖለቲከኞቹ በደንብ ሲነሳ አልሰማሁም፤ ለክርክሩ ግን ጥሩ ነው። ስለ ነዳጁም አንድ ነገር ልበል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ 17 ሊትሩ ከዚያ ነው የመጣው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2020 ያወጣው ስሌት አለ። 130 ቢጣል በዓመት 1.9 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ይቀንሳል ይላል፣ 120 ቢሆን 2.6 ሚሊዮን።

ታክሲ ነጂው፦
1.9 ሚሊዮን ቶን ከአገሪቱ ጠቅላላ ልቀት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ሲበዛ ደግሞ ያም ያንሳል። ለግማሽ በመቶ ብላችሁ ነው የምትጨቃጨቁት?

ነርሷ፦
ወጪው ምልክት መትከል ብቻ ነው እኮ። አዎ፣ በ2022 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ቮልከር ቪሲንግ ይሄን ያህል ምልክት መጋዘን ውስጥ የለንም ብለው ነበር። መኪና በዓለም ሁሉ የሚሸጥ አገር ቆርቆሮ አጠረው!

አወያይ፦
ሳቃችሁን ቀንሱ። ታሪኩን ለማያውቅ ላስታውስ። በነዳጅ ቀውሱ ጊዜ፣ ከኅዳር 1973 እስከ መጋቢት 1974 በፈረንጅ፣ አውቶባን ላይ 100 ተጥሎ ነበር። ያኔ ነው የአሽከርካሪዎቹ ማኅበር አዳክ «ነጻ መንገድ ለነጻ ዜጋ» ብሎ የተነሳው። ያ መፈክር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። አዳክ ራሱ ግን በ2020 መጀመሪያ ላይ መቃወሙን ትቶ ገለልተኛ ሆኗል፤ አባላቱ ለሁለት ተከፍለውበት ነው። በ2021 ጥምር መንግሥቱ ሲመሠረትም ሊበራሎቹ ገደቡ እንዳይገባ አድርገው ነው የፈረሙት። ክርክሩ እዚህ እኛ ጋ ብቻ አይደለም ለማለት ነው። ቀጥሉ።

ታክሲ ነጂው፦
እኔ ከገደቡ ይልቅ ትምህርቱን ነው የማምነው። እኛ መንጃ ፈቃዳችንን ይዘን መጥተን ስድስት ወር ነው የሠራልን። ከዚያ በጽሑፍም በተግባርም እንደገና ተፈተን ተባልን። ጽሑፉን በ12 የውጭ ቋንቋ መፈተን ይቻላል፣ አማርኛ የለበትም። ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው ነው ያለፍኩት፣ አዲስ አበባ ላይ ሚኒባስ ነድቼ የመጣሁ ሰውዬ! ተናደድኩ፣ ግን ተማርኩ። አገሩ ነጂውን ካስተማረ መንገዱን መክፈት ይችላል።

ባለ ስሌቱ፦
አዲስ የሚማር ልጅ አውቶባን ላይ የግዴታ 4 ክፍለ ጊዜ አለው፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። አንተና አባቴ መንጃ ፈቃድ ስለነበራችሁ ያ እንኳ ግዴታ አልነበረባችሁም። ፈተናውን ካለፍክ በቃ። አባቴ መጀመሪያ አውቶባን ላይ የወጣው እኛን ጭኖ ነው። በ80፣ መሐለኛው መስመር ላይ። ጋሼ ሳይሰድቡት አልቀሩም።

ከባድ መኪና ጋሼ፦
ሰድቤው ይሆናል። ይቅር ይበለኝ።

ከአዲስ፦
እኔ ከቦሌ ነው የምከታተላችሁ። እናንተ በ240 ትጨቃጨቃላችሁ፣ እኛ ከመገናኛ ሜክሲኮ በአንድ ሰዓት ከገባን እልል ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ለ120 ተብሎ የተሠራ ነው፤ ለኛ አውቶባን እሱ ነው። ኤም5 ደግሞ ቢሰጠኝም ማስገባት አልችልም፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል። አዲሱ ኤም5 ባትሪ አለው ሲሉ ሰማሁ። ያ ያስገባኛል ወይ?

የኢንጎልሽታት ልጅ፦
ባትሪ አለው፣ ግን ባለ 8 ሲሊንደሩም አብሮ አለ። በኤሌክትሪክ ብቻ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ከአዳማ መልስ አያደርስህም። 727 ፈረስ ነው፣ ክብደቱ ደግሞ ከ2.4 ቶን በላይ። ከወንድማችን መኪና ግማሽ ቶን ገደማ ጨምሯል። ከዜሮ 100 ደግሞ 3.5 ሰከንድ። ባለ 625ቱ ይቀድመዋል! ወደፊት ነው የምንሄደው ወይስ ወደ ኋላ?

መኪና አድራሹ፦
ያንን አልፈልገውም። ቢሰጡኝ ግን አልመልሰውም።

ወደ ነገሩ ልመለስ። የጋሼን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ነጥቧ አንድ ናት ያሉት ያስጨንቃል። እኔ በዚያች ነጥብ ውስጥ ሆኜ ነው ሁሉን የማየው፤ ከውጪ ምን እንደምመስል አስቤ አላውቅም። ቢሆንም አልተለወጥኩም። ሌሊት ከ10 ሰዓት በኋላ፣ በፈረንጅ ሰዓት ነው የምለው፣ ባዶ ባለ ሦስት መስመር መንገድ ላይ 130 ብሎ ማሰር ትርጉም የለውም። እርጥብ ሲሆንና ቀን ላይ መኪና ሲበዛ፣ እሺ፣ ይጻፍ። ከዚህ በላይ ከኔ አታገኙም።

ነርሷ፦
ከዚህ በላይ አልጠየቅኩህም መሰለኝ። እርጥቡን ከሰጠኸኝ ሌሊቱን ለሚቀጥለው ሳምንት እይዘዋለሁ። ደግሞ ማታ ጠጥቶ የሚነዳውን ረሳኸው፤ እኔ የማታ ተረኛ ነኝ።

ታክሲ ነጂው፦
እኔ ገደቡ ይቅር ባይ ነኝ። ብቻዬን ብቀርም።

የኤም5 ባለቤት፦
ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። «ማርያም!» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ያልጻፈው ደግሞ አለ፤ ቩርዝቡርግ ላይ መሪውን እኔ ወሰድኩ። እስከ ፍራንክፈርት በ125 ነው የመጣሁት፣ በቀኝ መስመር። አንድ ጎልፍ ቀድሞኝ ሲያልፍ ውስጥ ያሉት ልጆች አውራ ጣታቸውን ወደ ታች አሳዩኝ። ያ 17 ሊትር አማካዩ የኔ ድርሻ ባይገባበት 20 ያልፍ ነበር፣ ምስጋናው ለኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ከ160 አላለፍኩም። ለምን ገዛኸው ትሉኛላችሁ። ከ20 ዓመት በፊት ምግብ ቤት ሰሃን ሳጥብ በመስኮት አንድ ኤም5 ሁልጊዜ ማታ ያልፍ ነበር። በ50 ነው የሚያልፈው፣ የከተማ መንገድ ነው። የማርሚታውን ድምፅ ነበር የምሰማው። እኔ የገዛሁት ያንን ድምፅ ነው፣ 50ም ላይ ይሰማል።

ለድምፃችሁ ከሆነ፣ እኔ ይጣል ከሚሉት ጋር ነኝ፤ ወዳጄ አይቀየመኝ። አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የበረዶ ጎማ ያስፈልገኛል፣ ከፊት 275/35 ከኋላ 285/35፣ ሁለቱም ባለ 20። የጠየቅኩበት ሱቅ የነገረኝን ዋጋ ስሰማ እንደገና «ማርያም!» ብያለሁ። ያገለገለ የሚሸጥ የሚያውቅ ሰው አለ?

ከባድ መኪና ጋሼ፦
ማንሃይም ውስጥ አንድ ሰው አውቃለሁ፣ ልጄ። 45 ደቂቃዬ አልቋል፣ ማታ ደውልልኝ።